ሕፃናት ላሉበት ግቢ የምትስማማ ዶሮ



ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን በአዳሚ ቱሉ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን በእጇ ይዛ ቀረበችኝ። የልጁ ጉንጭ ከግራ ዓይኑ ሥር በፋሻ ተሸፍኖ ነበር። ምን እንዳገኘው ብጠይቃት፣ ለበዓል የተገዛው አውራ ዶሮ ገና ሳይታረድ በግቢው ሲዘዋወር ሳለ፣ ልጁ የቂጣ ቁራሽ ይዞ ቢያልፍ ዘሎ በጥፍሩ እንደ መታው ነገረችኝ። ጥፍሩ አንዲት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቢያርፍ ኖሮ ዓይኑ በጠፋ ነበር። እናቲቱ ግን ያማከረችኝ ስለ ቁስሉ አልነበረም፤ ቁስሉንስ በጤና ጣቢያ አሳይታዋለች። «አባ፣ ባለቤቴ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ዶሮ አይታየኝ ብሏል። የልጆቹ ደብተርና ሳሙና የሚገዛው ግን ከእንቁላሉ ነው። ለዚህ ለትንሹስ ቢሆን ከእንቁላል ሌላ ምን ላበላው ነው? ልጅ የማይነካ፣ ጨዋ የዶሮ ዘር አይገኝም ወይ?» አለችኝ።

ጥያቄው ለካህን የሚቀርብ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ወገን የልጅ ዓይን፣ በሌላ ወገን የልጅ ምግብና የቤት ሰላም የተመዘነበት ጥያቄ ነውና በዋዛ የሚታለፍ አልሆነልኝም። ስለዚህ በእንስሳት እርባታ የሠለጠኑ ሰዎችን ጠይቄ፣ ዶሮ ያረቡ እናቶችንም አነጋግሬ፣ እኔም ያየሁትን ጨምሬ ይህን ትምህርት አዘጋጀሁ። መልሱን በአጭሩ ለማስቀደም፣ አዎን፣ ጨዋ ዘር አለ። ይሁን እንጂ ጨዋይቱ ዶሮ የራሷ የሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይዛ ትመጣለች። ከሰው የማትሸሽ ዶሮ ወደ ሰው ትቀርባለች፤ ከልጁ ሳህን ትለቅማለች፣ ከመኝታውም አጠገብ ማደር ትፈልጋለች። እንግዲህ ዶሮዋን መምረጥንና ማደሪያዋን መለየትን አንድ ላይ ካላየን፣ ምርጫችን ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ዘሮቹ

ዶሮ በሀገራችን እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝብር በተባለው ጥንታዊ የመንደር ሥፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ የሚቆጠር ሲሆን፣ በአፍሪካ እስካሁን ከታወቁት ቀደምት የዶሮ ቅሪቶች አንዱ ነው። የሀበሻ ዶሮ ከገበሬው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር ዘመናት አልፈዋል። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ዝግርማ፣ አንገቷ ላባ የሌለውንም መላጣ እያልን የምንለያት ግን በመልኳ ነው እንጂ በጠባይዋ አይደለም፤ ቀለም ደግሞ ለጠባይ ምስክር ሊሆን አይችልም። (በነገራችን ላይ፣ ገብስማ ወይም ጥቁር ዶሮ በጠንቋይ ትእዛዝ እየፈለጉ የሚገዙ ክርስቲያኖች ዛሬም አልጠፉም። ይህ ስለ እምነት እንጂ ስለ ዶሮ የሚነሣ ጉዳይ ስላልሆነ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።)

የሀበሻ ዶሮ ለፍታ አዳሪ ናት። ጭልፊትን ከሩቅ ታውቃለች፣ በትንሽ ጥሬ ትኖራለች፣ ራሷ ታቅፋ ራሷ ታሳድጋለች። እንቁላሏ ግን ትንሽ ነው፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው። ጠባይዋም ንቁና ድንጉጥ ስለሆነ ከልጅ ትሸሻለች እንጂ ልጅን አታሳድድም። ይህች ድንጉጥ ዶሮ ግን በአንድ ወቅት ፈጽማ ትለወጣለች፤ ይኸውም ጫጩት በያዘች ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ውሻ እንኳ ይሸሻታል።

ቅዱስ አጎስጢኖስ ጌታችን ኢየሩሳሌምን ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፎቿ በታች እንደምትሰበስብ ሊሰበስባት መውደዱን የተናገረበትን ቃል (ማቴ. 23፥37) ሲያስብ፣ ሌሎች ወፎች እናት መሆናቸው የሚታወቀው ጎጇቸው ውስጥ ስናያቸው ብቻ መሆኑን፣ ዶሮ ግን ጫጩቶቿ ባይታዩ እንኳ በጎረነነው ድምፅዋና በተንጨባረረው ላባዋ ብቻ እናትነቷ እንደሚታወቅ ጽፏል። የሂፖው ጳጳስ ዶሮን ቀርቦ በዓይኑ የተመለከተ ሰው እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ ታቅፋ ያስፈለፈለች ዶሮ ልጅ ሲቀርባት ብትነቁረው ክፉ ሆና አይደለም፤ ጌታ ራሱን የመሰለበትን ሥራ እየሠራች ነው። መፍትሔው እርሷን መምታት ሳይሆን ጫጩቶቿ ራሳቸውን እስኪችሉ፣ ማለትም 2 ወር ገደማ ያህል፣ ትናንሽ ልጆች በማይደርሱበት ሥፍራ ማቆየት ነው። ግቢው ጠባብ ሆኖ ይህን ለማድረግ የማይመች ከሆነ ደግሞ ሕፃናቱ ከፍ እስኪሉ ድረስ ማስታቀፉን መተው ይሻላል።

«የፈረንጅ ዶሮ» በሚል አንድ ስም የምንጠራቸው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል የተዋወቁት ናቸው፤ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በጠባይ እጅግ ይራራቃሉ። በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ የዶሮ ቤት ተራ ይደርሰን ነበር። ነጮቹ ሌግሆርኖች እንቁላል በመጣል የሚያህላቸው አልነበረም። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ባርኔጣ አድርጎ የገባ እንደ ሆነ ሁሉም በአንድ ማእዘን ይደራረቡ ስለ ነበር፣ ከሥር የታፈኑትን ማውጣት የዕለቱ ሥራችን ይሆናል። ኀላፊያችን የነበሩት አባት የዶሮ ቤቱን በር ሳናንኳኳ እንዳንገባ ያዝዙን ነበር። ያን ጊዜ ትእዛዙ ያስቀን ነበር፤ ዛሬ ግን ትክክል እንደ ነበሩ አውቃለሁ። ሌግሆርን ልጅን አትጎዳም፤ ልጅ ግን ሌግሆርንን ያስጨንቃታል፣ የተጨነቀች ዶሮም እንቁላሏን ታጓድላለች። ከግብፅ የመጣችው ፋዩሚም እንዲሁ ናት። በሽታን በመቋቋምና ጥሬዋን ራሷ በመፈለግ የተመሰገነች ስትሆን፣ መያዝን አትወድም፤ ስትያዝ ትጮኻለች፣ አጥርም ይዘለላል። ሮጠው ለመያዝ የሚጓጉ ልጆች ላሉበት ቤት ሁለቱንም አልመክርም።

የተረጋጉትን ከፈለግን ከበድ ወዳሉት ዘሮች መሄድ አለብን። የሮድ አይላንድ ሬድ ሴቶች ረጋ ያሉ ናቸው፣ ከሰውም ቶሎ ይለምዳሉ፤ አውራዎቹ ግን ቁጡ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ኮኮክ የምትባለው፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያላት ዶሮ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በፖችፍስትሩም የግብርና ኮሌጅ ከአውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከፕሊማውዝ ሮክ ተዳቅላ የተገኘች ናት። ከሌግሆርን የእንቁላሉን ብዛት፣ ከሁለቱ ከባድ ወላጆቿ ደግሞ እርጋታውን ወርሳለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሴቷ ከወንዱ በተፈለፈሉ ዕለት በቀለማቸው መለየት መቻሏ ሌላው ጥቅሟ ነው። ቄብ ነው ተብሎ አውራ የተሸጠለት ሰው ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ሳሶ ከፈረንሳይ የመጣች ስትሆን፣ ባለፉት ዓመታት በኢትዮ ቺክን ድርጅት በኩል በብዙ ገጠሮች ተሠራጭታለች። ሰውነቷ ትልቅ፣ ጠባይዋም የዋህ ነው፤ ልጅ ሲያቅፋት ዝም ትላለች። ጉድለቷ ሆዳምነቷ ነው። አንዲት ሳሶ ከልጅ እጅ ዳቦ ነጥቃ ስትሮጥ፣ ልጁም እያለቀሰ ሲከተላት አይቻለሁ። ክፋት አልነበረባትም፤ ሆኖም ያ ምንቃር ለጣት የቀረበ ነበር። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው ቡናማ ዶሮ ደግሞ በመልካም አያያዝ በዓመት 300 ገደማ እንቁላል የምትጥል፣ ከሰው የማትሸሽ ዶሮ ናት። ነገር ግን የተመጣጠነ መኖ ሳይገዙላት ጭራ ትኑር ብትባል ትጎዳለች። መኖ የመግዛት ዐቅም ለሌለው ቤተሰብ ይህችን መስጠት ዕዳ መጨመር ነው። ከራሳችን ዘሮች በሆሮ ጉዱሩ አካባቢ የምትገኘው ሆሮ የተባለችው ዶሮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቢሾፍቱ በሚገኘው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል በምርጫ እየተሻሻለች ስለሆነች፣ የሀበሻን ዶሮ ጽናት ለሚወድ ሰው ተስፋ የሚጣልባት ናት።

በውጭ ሀገር ስለ ዶሮ የሚጽፉ ሰዎች ለልጆች ወዳጅነት ኮቺንን፣ ብራማን፣ ኦርፒንግተንንና ላባዋ እንደ ፀጉር የሆነውን ሲልኪን ያመሰግናሉ። እነዚህ ላባቸው የበዛ፣ ለብርድ ሀገር የሚስማሙ ናቸው። በ1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው፣ ፀሐዩ በሚበረታው በስምጥ ሸለቆ ምድራችን ግን፣ እንኳን እነርሱ ሳሶም ብትሆን በቀትር ምንቃሯን ከፍታ ስታለከልክ ትታያለች። ጥላና ንጹሕ ውኃ ያላገኘች ዶሮ ደግሞ በዘሯ ምንም ያህል ገራም ብትሆን ትነጫነጫለች፣ ጓደኞቿንም መንቆር ትጀምራለች።

ለዚያች እናት የመከርኳት 4 ወይም 5 የኮኮክ ቄቦችን፣ እነርሱ ካልተገኙ ሮድ አይላንድ ሬድን እንድትገዛ ነው። የሚሻለው የአንድ ቀን ጫጩት ሳይሆን አሳዳጊዎች ክትባት ሰጥተው ወደ 2 ወር ያደረሷቸውን መውሰድ ነው፤ ጫጩት ሙቀትና የቀንና የሌሊት ጥበቃ ይፈልጋል፣ ሕፃን የምታሳድግ እናት ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ከየት ታመጣለች? ስለ ዘሮቹ አቅርቦት የወረዳውን የእንስሳት ሀብት ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል፤ በአዳሚ ቱሉም የግብርና ምርምር ማእከል መኖሩን አንዘንጋ።

በገበያ ስንገዛ ዶሮዋን በቀስታ ቀርበን፣ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር ገጥመን እናንሣት። መጀመሪያ ብትንፈራገጥ አይፈረድባትም፤ ጥቂት ቆይታ የምትረጋጋ ከሆነች ለልጅ ትሆናለች፤ እስከ መጨረሻ የምትንቀጠቀጠዋን እንተዋት። በዚያውም ዓይኗ የጠራ መሆኑን፣ ከክንፏ በታች ቅማል አለመኖሩን፣ የእግሯም ቅርፊት አለመነሣቱን እንመልከት። ከገበያ የመጣች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳትቀላቀል 2 ሳምንት ለብቻዋ ብትቆይ መልካም ነው። ፈንግል የሚባለው በሽታ አንድ መንደር ሙሉ ባዶ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቸልተኝነት ነውና። ክትባቱ በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ስለሚመረት፣ ዘመን ሳያልፍበት በባለሙያው በኩል ማስከተብ ይገባል።

ስለ አውራው

እንግዲህ ልጁን የመታው አውራ ዶሮ እንጂ ሴት አልነበረችም። በዶሮ ምክንያት ሕፃን ቆሰለ ሲባል የምንሰማው በአብዛኛው የአውራ ሥራ ነው። ወንዱ 5 እና 6 ወር ሲሞላው መንጋውን መጠበቅ ይጀምራል፤ በዚያ ጊዜ ፊቱ ከእርሱ ምንቃር ብዙ ያልራቀ፣ እየተንገዳገደ የሚሮጥ ሕፃን ጠላት መስሎ ይታየዋል። አባትየውን የሚፈራው አውራ ሕፃኑን አይፈራም። ይባስ ብሎ ከጫጩትነቱ ጀምሮ ልጆች እየታቀፉ፣ እያጎረሱ፣ እያታገሉ ያሳደጉት አውራ ለሰው ያለው ፍርሃት ስለሚጠፋ፣ ሲያድግ ከሌሎቹ የበለጠ ደፋር ሆኖ ይገኛል። በሴቷ ላይ መልካም የሆነው ማላመድ በወንዱ ላይ ተቃራኒ ፍሬ ያፈራል ማለት ነው።

ብዙዎች ያለ አውራ ሴቷ እንቁላል የማትጥል ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። አውራ የሚያስፈልገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ብቻ ነው፤ ለመብልና ለሽያጭ የሚሆነውን እንቁላል ሴቷ ብቻዋን ትጥላለች፣ የምግብነት ዋጋውም አይጓደልም። ስለዚህ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ አውራ ባይኖረው ምንም አይቀርበትም። ለበዓል የሚገዛውም አውራ እስከ ዕርዱ ዕለት ድረስ በቅርጫት ሥር ወይም በተዘጋ ሥፍራ ይቆይ እንጂ በግቢው አይለቀቅ። ልጅ ቢነቆር ወይም ቢቧጨር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ለዓይን የቀረበ ከሆነ «ትንሽ ነው፣ ይድናል» ብሎ ማደር አይገባም፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ተሟልቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ማደሪያዋ

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንደርሳለን። የአባትየውን ቁጣ ለማብረድ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ሰውየው ምክንያተኛ ነው፤ ዶሮ የሚጠላ አይደለም። ለመሆኑ ዶሮዎቹ የት ያድራሉ ብዬ ስጠይቀው፣ ልጆቹ ከሚተኙበት መደብ በላይ ያለውን ቆጥ አሳየኝ። ለምን በውጭ አታሳድራቸውም ብለው፣ «አባ፣ በውጭ ካደሩ ወይ ሸለምጥማጥ ይበላቸዋል፣ ወይ ሌባ ይወስዳቸዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። በየቤቱ ዶሮ ከሰው ጋር የምታድረው በስንፍና ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ አለብን። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣና የኢትዮጵያን የገጠር ቤተሰቦች የተመለከተ አንድ ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። ዶሮ ባለበት ቤት ያሉ ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ ዶሮዋ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በምታድርበት ጊዜ ግን የልጆቹ ቁመት ያነሰ ሆኖ ታየ። ጥናቱ አብረው የሚታዩትን ነገሮች ያሳያል እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን በፍጹም አያረጋግጥም። ቢሆንም ሐኪሞች ከሚነግሩን ጋር ይስማማል። በዶሮ ኩስ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ተሕዋስያን ይገኛሉ፤ ዶሮዋ ራሷ ሳትታመም ትሸከማቸዋለች። በዳዴ የሚሄድ ሕፃን መሬት የነካውን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ተቅማጡ ይደጋገማል፣ አንጀቱም ከምግቡ ማግኘት የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል። በአንድ እጃችን የሰጠነውን እንቁላል በሌላው እጃችን እንደ መቀማት ነው። ገራሚቱ ዶሮ ደግሞ ከድንጉጧ ይልቅ ወደ ቤት ስለምትገባ፣ በዚህ ረገድ የምታስፈራው እርሷው ናት።

ከአባትየው ጋር ቆይተን የተስማማነው እንዲህ ነው። የዶሮ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በውጭ በኩል ይሠራል፤ በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል፣ ወደ ቤት የሚያስገባ ቀዳዳ አይኖረውም። እንዲህ ከሆነ ሌባም ቢመጣ ሸለምጥማጥ የዶሮዎቹ ጩኸት ለአልጋው ቅርብ ስለሆነ ባለቤቱ ይሰማል። ለ5 ዶሮ ከ1 ካሬ ሜትር ጥቂት ሰፋ ያለ ወለል ይበቃል። ወለሉ በእንጨት ከመሬት ከፍ ቢል ኩሱ ወደ ታች ይወርዳልና ማጽዳቱ ይቀላል፤ በመሬት ላይ ከሆነ ግን ጭድ ወይም ሰጋቱራ ተነጥፎ በየጊዜው ይለወጥ። በግንባሩ በኩል አየር የሚያስገባ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ፣ በውስጡ ቆጥ፣ በጨለማው ማእዘን ጭድ ያለበት የእንቁላል መጣያ ሣጥን ያስፈልጋል። የአዳሚ ቱሉ ስም በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነውና በአካባቢያችን ቁልቋልና ቅንጭብ ለአጥር መዋሉ የተለመደ ነው፤ ሆኖም የዶሮ ቤቱን በቅንጭብ አትጠሩት። ከቅርንጫፉ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ እንቁላል ለማምጣት የሚመላለሱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ሰውየው እንጨቱን በ3 ቀን አቁሞ ጨረሰ፤ በሩን ግን እስካሁን አልገጠመውም ብላ ሚስቱ ስትወቅሰው ሰምቻለሁ።

ልጆቹን ማስተማር

ዶሮ ከልጅ የምትፈራውን ያህል ልጅ ከዶሮ አይፈራም። መሮጥ፣ ጭራ መጎተት፣ ጠጠር መወርወር ገራሟን ዶሮ በ1 ሳምንት ውስጥ ድንጉጥ ያደርጋታል። ስለዚህ ልጁ ቁጭ ብሎ ጥሬ በሳህን ይዞ መጠበቅን፣ እርሷ እስክትመጣ መታገሥን ይማር። ሲያቅፋት ክንፎቿን በሁለት እጁ ገጥሞ ከሥር ይደግፋት እንጂ ደረቷን አይጫን። ዶሮ እንደ እኛ ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት የምትተነፍሰው ደረቷ ሲሰፋና ሲጠብ ነው፤ አጥብቆ የያዛት ልጅ ሳያውቅ ያፍናታል። በተለይ ጫጩት በትናንሽ እጆች ውስጥ የሚሞተው በጥላቻ ሳይሆን በፍቅር ብዛት ነው። ፊትን ወደ ምንቃሯ ማስጠጋትና መሳም ይከልከል፤ ከነኳትም በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ይህ የዶሮ እርባታ ትምህርት ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም (22፥6-7) የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ያዝዛል፤ መጽሐፈ ምሳሌም (12፥10) ጻድቅን ለእንስሳው ነፍስ በመራራቱ ያውቀዋል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በእንስሳት ላይ መራራትን የለመደ ሰው በሰው ላይ ለመራራት ይበልጥ የተዘጋጀ እንደሚሆን አስተምሯል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2416-2418) እንስሳትን ለምግብና ለሥራ መጠቀም የተፈቀደ መሆኑን ገልጾ፣ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየት ግን የሰውን ክብር የሚፃረር መሆኑን ያስተምራል፤ ለዚህም የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚንና የቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪን ርኅራኄ በምሳሌነት ያነሣል። በ2017 ዓ.ም. ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ይህንኑ አጠንክረዋል።

በዚህ መሠረት አንድ የለመድነውን ነገር ልንመረምር ይገባናል። ከመቂም ከባቱም ገበያ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ በትከሻና በሞተር ብስክሌት መሪ ላይ ተንጠልጥለው ሲመጡ እናያለን፤ እኛም እንዲሁ እናመጣለን። ሆድ ዕቃዋ በሳንባዋ ላይ ተጭኖ አንድ ሰዓት የተጓዘች ዶሮ ለቤታችን የምትደርሰው በድንጋጤ ታማ ነው። ያችኑ ዶሮ ለልጃችን «እንካ፣ አቅፋት» ብለን እንሰጠዋለን፤ ስትነቁረው ደግሞ ዘሯን እንረግማለን። በአየር ማስገቢያ በተቀደደ ካርቶን ወይም በቅርጫት ማምጣት የሚጠይቀው ገንዘብ የለም።

ካቴኪስቶች ይህን ትምህርት በሰንበት የልጆች ጉባኤ ለማቅረብ ብትፈልጉ፣ የማቴዎስን ወንጌል 23፥37 ካነበባችሁ በኋላ አንዲት የለመደች ቄብ በቅርጫት ይዛችሁ ኑ፤ አውራ አይሁን፣ ጫጩት ያላትም እናት አትሁን። ልጆቹ ክንፏ ሲዘረጋ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይመልከቱ፤ ከዚያ ክንፍ በታች ስንት ጫጩት ሊጠለል እንደሚችል ይገምቱ፤ ጭልፊት በመጣ ጊዜ አልመጣም ብሎ በውጭ የቀረው ጫጩት ምን እንደሚሆን ራሳቸው ይናገሩ። በአዳሚ ቱሉ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ፣ ያ ጉንጩ የቆሰለው ልጅ ጠባሳውን በጣቱ እያሳየ፣ «እኔን የመታኝ ግን አባቷ ነው» ብሎ መልሶልኛል። ቄቧ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው ከ10 ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ይሁን፤ ውኃና ሳሙናውም ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በበሩ አጠገብ ይቀመጥ።